ጦጣ የሌለባቸው ደሴቶች፦ አልፍሬድ ራስል ዋላስና የፍሬ በሊታ ርግቦች ጥናት

አኅጽሮት

ብሪታንያዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ (1823–1913) በአብዛኛው የሚታወሰው የተፈጥሯዊ ምርጫን ንድፈ ሐሳብ ከቻርልስ ዳርዊን ጋር በማቅረቡና የእንስሳትን መልክዓ ምድራዊ ሥርጭት በማጥናቱ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወቱን የሚመለከተው ብዙ ጊዜ በማይታወስ አንድ ሥራው በኩል ነው፤ ይኸውም በ1865 ስለ ማላይ ደሴቶች ርግቦች ያሳተመው ጥናት ነው። ዋላስ የርግቦቹን ብዛት ያስረዳው በደሴቶቹ ባለው ነገር ሳይሆን በሌለው ነገር፣ ማለትም በዛፍ ላይ በሚያድኑ አጥቢ እንስሳት አለመኖር ነበር። ጽሑፉ ይህ ትንታኔ ዛሬ የደሴት ርግቦችን ለመታደግ የሚሠራበት መርሕ ቀዳሚ መሆኑን፣ ነገር ግን ዋላስ ራሱ የጥበቃን መደምደሚያ ከትንታኔው እንዳላወጣ ያሳያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

ከደቡብ እስያ ጀምሮ በማላይ ደሴቶችና በኒው ጊኒ በኩል እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሩቅ ደሴቶች ድረስ ምግባቸውን በአብዛኛው ከዛፍ ፍሬ ብቻ የሚያገኙ ርግቦች ይኖራሉ። ከእነርሱ መካከል ሁለት ትላልቅ ወገኖች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ፕቲሊኖፐስ የተባለው የትንንሾቹና የባለ ደማቅ ቀለሞቹ ወገን ሲሆን፣ ሁለተኛው ዱኩላ የተባለው የግዙፎቹ ወገን ነው። ሁለቱ በአንድነት ከ80 በላይ ዝርያዎችን ይይዛሉ። እነዚህ ርግቦች በእስያ ደኖች ከሚገኙት አረንጓዴ ርግቦች የሚለዩበት አንድ ዐቢይ ጠባይ አላቸው። በአገራችን በሾላ ዛፍ ላይ ከሚታዩት አረንጓዴ ርግቦች ጋር የቅርብ ዝምድና ያላቸው የእስያዎቹ አረንጓዴ ርግቦች ጠንካራ በሆነው የምግብ መፍጫ ከረጢታቸው ዘሩን ጭምር ይፈጩታል። ፕቲሊኖፐስና ዱኩላ ግን የፍሬውን ሥጋ ብቻ ተጠቅመው ዘሩን ሳይጎዳ ከሰውነታቸው ያስወጡታል። ስለዚህ አረንጓዴዎቹ የዛፉን ዘር የሚያጠፉ ሲሆኑ፣ እነዚህኞቹ ዘሩን ተሸክመው የሚያዳርሱለት ናቸው።

ትላልቅ አጥቢ እንስሳት በሌሉባቸው ደሴቶች ላይ ይህ አገልግሎት ልዩ ክብደት አለው። ዝሆን፣ ጦጣ ወይም ሌላ ትልቅ ፍሬ በሊታ በሌለበት ምድር ግዙፍ ዘር ያለውን ፍሬ ውጦ ከእናት ዛፉ አርቆ የሚጥል ሌላ ፍጡር እምብዛም አይገኝም። ርግቧ ከጠፋች ዛፉ ወዲያው አይወድቅም፤ ተተኪ ችግኞቹ ግን በጥላው ሥር ብቻ ተወስነው ይቀራሉ። እነዚህ ርግቦች በደሴቶቹ ላይ ስለ ምን በዙ የሚለውን ጥያቄ በሰፊው ካነሡት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ዋላስ ነበር። ወደዚህ ጥያቄ እንዴት እንደ ደረሰ ለመረዳት ከሕይወቱ መነሻ መጀመር ይገባል።

ከመሬት ቅየሳ ወደ ተፈጥሮ ምርምር

ዋላስ ጃንዋሪ 8 ቀን 1823 በዌልስ ድንበር አካባቢ በምትገኘው አስክ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ትምህርት የነበረው ሰው ቢሆንም በሙያው አልሠራበትም፤ የነበረውንም ጥሪት ቀስ በቀስ አጣ። በዚህ ምክንያት ልጁ ዕድሜው 14 ዓመት ገደማ ሲሆን ትምህርቱን አቋርጦ ከታላቅ ወንድሙ ከዊልያም ጋር በመሬት ቅየሳ ሥራ ተሰማራ። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል አላገኘም። የተማረው በእግሩ በዞረበት ገጠር፣ በሠራተኞች የትምህርት ማኅበራት ቤተ መጻሕፍትና በገዛ ራሱ ንባብ ነው። ከቅየሳ ያገኘው ልማድ ግን እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አልተለየውም፤ ማናቸውንም ነገር ሲመለከት ወሰኑ የት ላይ እንደሚያበቃ መጠየቅን ከዚያ ሥራ ተማረ።

በ1844 በሌስተር ከተማ በመምህርነት ሲሠራ ጢንዚዛዎችን ይሰበስብ ከነበረው ከወጣቱ ሄንሪ ዋልተር ቤትስ ጋር ተዋወቀ። በ1848 ሁለቱ ጓደኛሞች ወደ አማዞን ተጓዙ። ሀብታም አልነበሩምና ኑሯቸውን የሚደጉሙት የሰበሰቡትን ናሙና ለንደን በሚገኝ ወኪል አማካይነት በመሸጥ ነበር። ዋላስ በዚያ አራት ዓመት ቆይቶ በ1852 ሲመለስ የተሳፈረባት መርከብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል በእሳት ጋየች። ለራሱ ያስቀመጠው ስብስብና አብዛኛው ማስታወሻው ከመርከቧ ጋር ጠፋ። እርሱና የመርከቧ ሠራተኞች በጀልባ 10 ቀን ያህል ከቆዩ በኋላ ሌላ መርከብ አግኝታ አዳነቻቸው።

ከዚህ ኪሳራ በኋላ ከጻፋቸው አጫጭር ጽሑፎች መካከል አንዱ ለኋለኛው የርግብ ጥናቱ መሠረት የጣለ ነው። በዚያው በ1852 ስለ አማዞን ጦጣዎች ባቀረበው ጽሑፍ ትላልቆቹ ወንዞች የጦጣ ዝርያዎችን እንደ አጥር እንደሚለዩ አሳየ፤ በወንዙ በአንዱ ዳር ያለው ዝርያ በሌላው ዳር በሌላ ዝርያ ይተካል። ስለዚህም ናሙና ሰብሳቢዎች እያንዳንዱ እንስሳ የተገኘበትን ቦታ በጥንቃቄ መመዝገብ እንደሚገባቸው አጥብቆ አሳሰበ። ጦጣ የት እንዳለና የት እንደሌለ ማወቅ ስለ ሌሎች ፍጥረታትም ሊናገር የሚችል መረጃ መሆኑን ዋላስ ወደ ምሥራቅ ከመሄዱ በፊት ተገንዝቦ ነበር ማለት ይቻላል።

ስምንት ዓመት በማላይ ደሴቶች

በ1854 ሲንጋፖር የደረሰው ዋላስ እስከ 1862 ድረስ ከሱማትራ እስከ ኒው ጊኒ ባሉት ደሴቶች መካከል ተመላለሰ። በጠቅላላው 22,500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። የሰበሰበው ናሙና ብዛት ራሱ በሠራው ቆጠራ 125,660 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 83,200 ጢንዚዛዎች፣ 8,050 ደግሞ አእዋፍ ነበሩ። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። በሳራዋክ የተቀጠረው አሊ የተባለ ወጣት ምግብ ከማብሰል ተነሥቶ አእዋፍን ማደንና ቆዳቸውን ማዘጋጀት ተምሮ የጉዞው ዋና ሰው ሆነ። በባቻን ደሴት የዋላስን ስም የተሸከመችውን የገነት ወፍ መጀመሪያ ያገኘው አሊ ነው። በየደሴቱ የተቀጠሩ ሌሎች አዳኞችም የትኛው ወፍ በየትኛው ዛፍ ላይ በየትኛው ወቅት እንደሚገኝ ያውቁ ነበር። በዋላስ ስም የሚታወቀው የአእዋፍ ዕውቀት ጉልህ ክፍል የእነዚህ ሰዎች ዕውቀት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በ1856 ከባሊ ወደ ሎምቦክ ሲሻገር ዐይኑን የሳበ ነገር አየ። ሁለቱን ደሴቶች የሚለየው ባሕር ከ40 ኪሎ ሜትር ያነሰ ስፋት ያለው ቢሆንም፣ በምዕራብ በኩል የተለመዱት የእስያ አእዋፍ በምሥራቅ በኩል ጠፍተው በምትካቸው የአውስትራሊያ ዘመዶች የሆኑ አእዋፍ ብቅ አሉ። ከጊዜ በኋላ በስሙ የተጠራው መሥመር መነሻው ይህ ምልከታ ነው። ከመሥመሩ በስተ ምዕራብ ያሉት ጃቫ፣ ሱማትራና ቦርኔዮ ጥልቀት በሌለው ባሕር ከእስያ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ዝንጀሮ መሰል እንስሳት፣ ሽኮኮዎችና የዱር ድመቶች ይበዙባቸዋል። ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር እነዚህ እየቀነሱ ሄደው በኒው ጊኒ ፈጽሞ አይገኙም። በዚያ ከሚኖሩት አጥቢዎች ብዙዎቹ እንደ ካንጋሮ ልጆቻቸውን በከረጢት የሚያሳድጉ ናቸው።

በ1858 መጀመሪያ በሞሉካስ ደሴቶች በወባ ሳይሆን አይቀርም በተባለ ትኩሳት ተይዞ ሳለ የተፈጥሯዊ ምርጫን ሐሳብ ጽፎ ለዳርዊን ላከ። በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን የሁለቱ ሰዎች ጽሑፎች በለንደኑ የሊኒየስ ማኅበር በአንድነት ተነበቡ። ዋላስ በዚያ ሰዓት በኒው ጊኒ ጠረፍ በናሙና ስብሰባ ላይ ነበር። ይህ ታሪክ ብዙ ስለ ተጻፈበት እዚህ ላይ ማስረዘም አያስፈልግም።

የገውዝ ርግብ

ዋላስ በ1857፣ በ1859 እና በ1861 ወደ ባንዳ ደሴቶች ሄዷል። ባንዳ በዓለም ዘንድ የታወቀችው በገውዝ ነው። ገውዝ ከፍሬው መካከል የሚገኘው ዘር ሲሆን፣ ዘሩን የከበበው ቀይ መረብ መሰል ሽፋንም ለብቻው ተሸጦ እንደ ቅመም ያገለግላል። የኔዘርላንድስ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1621 ደሴቶቹን በኃይል ይዞ አብዛኛውን ነዋሪ ከፈጀ፣ ካፈናቀለና በባርነት ከሸጠ በኋላ የገውዝን ንግድ ለብቻው ለመቆጣጠር ሲል ዛፉ ከተፈቀደለት ቦታ ውጭ እንዳይበቅል ይጥር ነበር።

በእነዚሁ ደሴቶች ላይ ግን የኩባንያውን ሕግ የማትጠብቅ አንዲት ግዙፍ ርግብ ነበረች። ይህችን ርግብ በ1865 ለሳይንስ የገለጻትና የዝርያ ስም የሰጣት ዋላስ ነው፤ ዛሬ ዱኩላ ኮንሲና ተብላ ትታወቃለች። ርግቧ የገውዙን ዘር ከነቀይ ሽፋኑ ትውጣለች፤ ሽፋኑን ፈጭታ ዘሩን ጉዳት ሳይደርስበት መልሳ ትተፋዋለች። ዋላስ ይህን በባንዳ ቆይታው አስተውሎ መዝግቧል። ርግቧ ትናንሽ ደሴቶችን ከደሴት ደሴት እየበረረች የምታዳርስ በመሆኗ አንድ ዘር በሆዷ ይዛ ባሕር ለመሻገር የሚያግዳት የለም።

የዚህ ሥራ አካላዊ መሠረት በአፏ አሠራር ላይ ነው። ምንቁሯ ሲታይ ቀጭን ይመስላል፤ መንጋጋዋ ግን እንደ ልብ የሚለጠጥ ስለሆነ ከጭንቅላቷ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትልቅ የሆነ ፍሬ ትውጣለች። በተተኮሱ ርግቦች የአንገት ከረጢት ውስጥ የሚገኙት የዘንባባና የሌሎች ዛፎች ፍሬዎች መጠናቸው ለተመልካች የሚያስገርም ነው። ዋላስ ቆዳ ለማዘጋጀት ርግቦቹን ሲከፍት የበሉትን ለማየት ዕድል ነበረው፤ ስለ ምግባቸው ያገኘው ዕውቀት ከሞታቸው የተገኘ ነው። በጉዞው ወቅት ርግብ የሳይንስ ናሙና ብቻ ሳትሆን የእርሱና የረዳቶቹ ዕለታዊ ምግብም ነበረች።

እዚህ ላይ የዋላስ እይታ ወሰን ይታያል። የገውዝ ዛፎቹ በትላልቅ የካናሪ ዛፎች ጥላ ሥር መተከላቸውን አድንቋል፤ የኔዘርላንድስን የንግድ ቁጥጥር ግን ተገቢ ነው ብሎ ተከራክሮለታል። በርግቧና በዛፉ መካከል ያለው ግንኙነት ደኑን የሚያቆም ምሰሶ መሆኑን ለማየት ተቃርቦ ነበር። ጥያቄው ግን በሌላ አቅጣጫ ወሰደው፤ እርሱን ያሳሰበው ርግቦቹ ደኑን ምን ያደርጉለታል የሚለው ሳይሆን፣ ርግቦቹ በዚያ ስለ ምን በዙ የሚለው ነበር።

የ1865ቱ ጥናት

ዋላስ በ1862 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ የማላይ ደሴቶችን ርግቦች የሚመለከት ሰፊ ጽሑፍ አይቢስ በተባለው የአእዋፍ ጥናት መጽሔት አሳተመ። የጽሑፉ አብዛኛው ክፍል የዝርያዎች ዝርዝር ነው። ከዝርዝሩ በፊት የቀረበው ሐተታ ግን የአንድ ደሴት ሥነ ምኅዳር ሐተታ ነው ሊባል ይችላል።

መነሻው አንድ እንግዳ ነገር ነበር። በመሬት ስፋት ከታየ ሞሉካስና ኒው ጊኒ ከታላላቆቹ የሐሩር አህጉራት ጋር የሚነጻጸሩ አይደሉም፤ ነገር ግን በርግብ ዝርያዎች ብዛት፣ በመጠናቸው ግዝፈትና በቀለማቸው ውበት ማንም አይስተካከላቸውም። በኒው ጊኒ በራሳቸው ላይ ዘውድ መሰል ላባ ያላቸው ግዙፍ ርግቦች ያለ ሥጋት በምድር ላይ ይመላለሳሉ። የምግብ ብዛት ብቻውን ይህን አያስረዳም፤ ፍሬ በቦርኔዮና በአማዞን ደኖችም ሞልቷልና።

ዋላስ መልሱን ያገኘው የርግብን አኗኗር ከጠላቶቿ ጋር በማስተያየት ነው። ርግብ ጎጆዋን የምትሠራው ጥቂት ጭራሮዎችን በቅርንጫፍ ላይ በማጋደም ነው፤ የምትጥለው እንቁላል ነጭ ነው፤ ጫጩቷ ደግሞ ረዳት የሌላት ናት። ጎጆው ከሩቅ የሚታይና በእጅ የሚደረስበት ስለሆነ ዛፍ ለዛፍ እየተንጠላጠለ ለሚፈትሽ ጦጣ የተዘጋጀ ማዕድ ነው። ስለዚህ ጦጣዎች በሚበዙበት ደን ርግቦች ይቀንሳሉ፤ ጦጣና ሌሎች ዛፍ ወጪ አዳኞች በሌሉበት ደን ደግሞ ይበዛሉ ሲል ደመደመ። የቀለማቸውንም ድምቀት ከዚሁ ጋር የሚያያይዝ ሐሳብ ነበረው፤ መሸሸግ የማያስፈልገው ወፍ ያሸበረቀ ላባ ቢለብስ ዋጋ አይከፍልም። ከማላይ ደሴቶች ጫፍ እስከ ጫፍ የምትገኘው የኒኮባር ርግብም ለሐሳቡ ድጋፍ ሰጠችው። ይህች ርግብ ምግቧን ከመሬት የምትለቅም ስትሆን፣ እጅግ ትናንሽ ደሴቶችን ትመርጣለች፤ በእነዚህ ደሴቶች ላይ ደግሞ በምድር የሚያድኑ ሥጋ በል እንስሳት የሉም።

የትንታኔው አዲስነት በዚህ ላይ ነው። በዘመኑ ብዙ ተመራማሪዎች የአንድን ፍጥረት መኖር በአየር ጠባይና በምግብ ያስረዱ ነበር። ዋላስ ግን የአንድ ወገን መብዛት የሌላ ወገን አለመኖር ውጤት ሊሆን እንደሚችል አሳየ። የተፈጥሯዊ ምርጫን ሐሳብ ያገኘ ሰው እንደ መሆኑ መጠን እያንዳንዱ ፍጥረት ከጠላቱ ጋር በሚያደርገው ትግል ውስጥ እንደሚቀረጽ ያምን ነበር፤ በደሴቶቹ ላይ ያየው ደግሞ ትግሉ ሲላላ ምን እንደሚከተል ነው።

ጽሑፉ ትችት አያጣም። ሱላዌሲ ጦጣዎች እያሉባት በርግብ ዝርያዎች ሀብታም ናት። በኒው ጊኒም ጦጣ ባይኖር እባብ፣ ዛፍ የሚወጣ ትልቅ እንሽላሊትና ጭልፊት አሉ። ከዚህም ሌላ ጦጣና ሽኮኮ የርግብ ጠላቶች ብቻ ሳይሆኑ ለፍሬ የሚሻሟት ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ የእነርሱ አለመኖር ርግቧን ከሞት ብቻ ሳይሆን ከረኀብም ይታደጋታል። ደሴቶቹ በባሕር የተነጣጠሉ መሆናቸው ራሱ አዳዲስ ዝርያዎች እንዲፈጠሩ ምክንያት ነው። እንግዲህ የጦጣው ምክንያት ብቸኛ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ የመከራከሪያው አስኳል፣ ማለትም የደሴት ርግቦች ደኅንነት በጠላት አለመኖር ላይ የተመሠረተ ነው የሚለው ሐሳብ፣ ጊዜ አልሻረውም።

ማስጠንቀቂያውና ያልተሻገረው ደፍ

ዋላስ ስለ ዝርያዎች መጥፋት አልዘነጋም። በ1863 ለንጉሣዊው የመልክዓ ምድር ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ እያንዳንዱ ዝርያ የምድርን ታሪክ ለማንበብ የሚያስፈልግ ምልክት መሆኑን፣ ከእነዚህ አንዱ ሲጠፋ ታሪኩ በዚያ መጠን የማይነበብ እንደሚሆን አስጠንቅቋል። በ1869 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም በአሩ ደሴቶች ያያትን የገነት ወፍ አስታውሶ፣ የሠለጠነው ሰው ወደዚያ ደን በደረሰ ጊዜ ሚዛኑን እንደሚያናጋና ውበቱን ሊያደንቅለት የሚችለውን ፍጡር ራሱ እንደሚያጠፋው ጽፏል። በ1880 ባወጣው ስለ ደሴቶች ሕይወት በሚናገረው መጽሐፉ ደግሞ ወደ ሴንት ሄለና ደሴት የተወሰዱ ፍየሎች ደኑን እንዴት እንዳወደሙት አብራርቷል።

ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላ ምልከታው ነው። በሞሉካስ ያሉትን ጥቂት አጥቢ እንስሳት ሲመረምር በባቻን የሚገኘውን ጦጣና በደሴቶቹ ላይ ያለውን ጥርኝ ሰዎች ሳያመጧቸው እንዳልቀሩ ገምቷል። የማላይ ሰዎች የጦጣ ግልገሎችን ለማዳ አድርገው በጀልባቸው ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ጥርኝንም በአገራችን እንደሚደረገው ሁሉ ለዝባዱ ሲሉ በቤት ያኖሩ ነበር። ስለዚህ ዋላስ ሁለት ነገሮችን ያውቅ ነበር ማለት ነው። አንደኛው የርግቦች ብልጽግና ዛፍ ወጪ አዳኞች ባለመኖራቸው የተገኘ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው እነዚህን አዳኞች ሰው ከደሴት ወደ ደሴት እየወሰዳቸው መሆኑ ነው። ሁለቱ በአንድነት ከተነበቡ የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ ግልጽ ነው። በ1865ቱ ጽሑፍ ግን ያንን ማስጠንቀቂያ አናገኝም። ለመጥፋት አደጋ ያቀረበው መፍትሔም መንግሥታት የተሟላ የናሙና ስብስብ በቤተ መዘክር እንዲያኖሩ ማሳሰብ ነበር። ደኑን መጠበቅ ሳይሆን መዝገቡን መጠበቅ ነው የታየው።

ይህን ሲመዝኑ ከዘመኑ ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው። ዋላስ ኑሮውን የመሠረተው ወፍ ገድሎ በመሸጥ ላይ ነበር። የሚጠፋውን ዓለም ለማዳን የሚያውቀው መንገድ በእጁ የነበረው መንገድ ነው።

የኋለኛው ዘመን

ከጉዞው በኋላ የዋላስ ሕይወት በሥራ የበለጸገ፣ በገንዘብ ግን የተቸገረ ነበር። ከናሙና ሽያጭ ያገኘውን ገንዘብ ባልተሳካ ኢንቨስትመንት አጣ። በ1876 የእንስሳትን መልክዓ ምድራዊ ሥርጭት የሚመለከተውን ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፉን ቢያወጣም ቋሚ የመንግሥት ሥራ አላገኘም። በ1878 በለንደን አቅራቢያ የሚገኘውን የኤፒንግ ደን በበላይነት ለማስተዳደር አመለከተ፤ በደኑ ውስጥም ከተለያዩ አህጉራት የመጡ የደጋ ዛፎች እንዲተከሉ ሐሳብ አቀረበ፤ ቦታው ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። በ1881 በዳርዊንና በወዳጆቹ ጥረት በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ ተፈቀደለት።

በዚያው ዓመት መሬት የሕዝብ ሀብት ይሁን የሚለውን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መምራት ጀመረ። በወጣትነቱ በገጠር የጋራ መሬቶች ሲታጠሩና ድኾች ሲፈናቀሉ የቀያሹን ሰንሰለት ይዞ አይቷል፤ ያ ትዝታ በእርጅናው ዘመን ወደ ፖለቲካ አቋም ተለወጠ። በመናፍስት ማመኑና የክትባት ግዴታን መቃወሙ በሳይንስ ጓደኞቹ ዘንድ ያለውን ክብር ቀንሶበታል። በ1908 ከብሪታንያ ከፍተኛ ክብሮች አንዱ የሆነውን የሜሪት ኒሻን ተሸለመ። ኖቬምበር 7 ቀን 1913 በ90 ዓመቱ በዶርሴት በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ። በመቃብሩ ላይ ወደ ድንጋይ የተለወጠ የጥንት ዛፍ ግንድ ቆሞበታል።

ትንታኔው በፈተና ላይ

ዋላስ ከሞተ በኋላ ባለፈው መቶ ዓመት ደሴቶች ሳይታሰብ የእርሱን ሐሳብ የሚፈትኑ ቤተ ሙከራዎች ሆነዋል። ሰው አዳኞችን አምጥቶ በደሴቶቹ ላይ ለቀቀ፤ ርግቦቹም የዋላስ ትንታኔ እንደሚያስገምተው ወደቁ።

የመጀመሪያው ምሳሌ ጉዋም ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጭነት ጋር ወደዚህች የፓስፊክ ደሴት የገባ ቡናማ ቀለም ያለው የዛፍ እባብ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ የደኑን አእዋፍ አጠፋ። የማሪያና ፍሬ በሊታ ርግብም በ1980ዎቹ ከጉዋም ጠፋች። እባቡ ባልደረሰባቸው ጎረቤት ደሴቶች ግን ዛሬም አለች። በጉዋም ደን ዘር የሚያዳርስ ወፍ በመጥፋቱ የብዙ ዛፎች ፍሬ ከእናት ዛፉ ሥር ወድቆ ይቀራል። ዋላስ ያልጠየቀው ጥያቄ፣ ማለትም ርግቧ ለደኑ ምን ታደርግለታለች የሚለው፣ መልሱን ያገኘው እርሷ ከጠፋች በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በሕንድ ውቅያኖስ የምትገኘው ሞሪሺየስ ናት። ቅጠል፣ አበባና ፍሬ የምትመገበው የሞሪሺየስ ሐምራዊ ርግብ ደኗ ከመመንጠሩ በላይ ከውጭ የመጡ አይጦች፣ ድመቶችና ጦጣዎች እንቁላሏንና ጫጩቶቿን ስለሚበሉባት በ1990 ገደማ በዱር የቀሩት ወደ 10 ብቻ ነበሩ። በምርኮ በማራባት፣ ተጨማሪ ምግብ በማቅረብና አዳኞችን በመቆጣጠር ቁጥሯ ወደ ጥቂት መቶዎች ተመልሷል። ከአዳኞቹ አንዱ ዋላስ የጠረጠረው ጦጣ ራሱ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ተስፋን የሚያሳይ ነው። በማርኬሳስ ደሴቶች ኑኩ ሂቫ ላይ ብቻ ቀርታ የነበረችውና በአገሬው ቋንቋ ኡፔ የምትባለው ግዙፍ ፍሬ በሊታ ርግብ በ2000 እና በ2003 መካከል ወደ ኡዋ ሁካ ደሴት እንድትሻገር ተደረገ። ይህች ደሴት የተመረጠችበት ዐቢይ ምክንያት ጥቁሩ አይጥ ገና ያልደረሰባት መሆኗ ነው። በሌላ አነጋገር የጥበቃ ባለሙያዎቹ ቦታውን የመረጡት በሚገኝበት ነገር ብቻ ሳይሆን በማይገኝበት ነገር ነው፤ ይህ የ1865ቱ ጽሑፍ አስተሳሰብ ወደ ተግባር ሲለወጥ ማለት ነው።

እነዚህ ርግቦች በአብዛኛው በአንድ ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ የሚጥሉ መሆናቸው ደግሞ ጉዳቱን ያከብደዋል። ጠላት በሌለበት ምድር አንድ እንቁላል ይበቃል፤ ጠላት ሲመጣ ግን ኪሳራን ለመተካት የሚያስችል ትርፍ የላቸውም። በኒው ጊኒ ምዕራባዊ ክፍል በጃያፑራ ከተማ አካባቢ በሰው የመጡ ጦጣዎች በዱር መኖር መጀመራቸውም ለዚህ ነው አሳሳቢ የሚሆነው። ዋላስ ጦጣ የሌለባት ብሎ ምሳሌ ያደረጋት ደሴት ራሷ ምሳሌነቷን ልታጣ ትችላለችና።

ማጠቃለያ

የዋላስ የርግብ ጥናት ከታላላቅ ሥራዎቹ ጎን ሲታይ ትንሽ ነው። የያዘው ሐሳብ ግን በደሴቶች ሥነ ምኅዳር ውስጥ ሥር የሰደደ ነው፤ የአንድ ፍጥረት ብልጽግና በሌላ ፍጥረት አለመኖር ላይ ሊቆም ይችላል፤ ያ ባዶ ቦታ ሲሞላ ብልጽግናው ይፈርሳል። ይህን አስቀድሞ ያየው ሰው አዳኞች በሰው ጀልባ እንደሚጓዙም አይቷል፤ ሁለቱን ምልከታዎች አጣምሮ ወደ ጥበቃ ያደረሰው ግን የኋለኛው ትውልድ ነው፤ ያም ብዙ ርግቦች ከጠፉ በኋላ ነው።

ከዚህ ለተመራማሪዎች የሚተርፍ የአሠራር ትምህርት አለ። በመስክ ሥራ የምንመዘግበው በአብዛኛው ያገኘነውን ነው። የዋላስ መዝገብ ዋጋ ያገኘው ግን እያንዳንዱ ናሙና የተገኘበት ቦታ በትክክል ስለ ተጻፈ፣ ከዚያም የተነሣ የትኛው እንስሳ የት እንደማይገኝ ማወቅ ስለ ተቻለ ነው። በአንድ ደሴት ላይ የአይጥ፣ የጦጣ ወይም የዛፍ እባብ አለመኖር ዛሬ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት ነው፤ የሚጠበቀውም አስቀድሞ ተጣርቶ የተመዘገበ እንደ ሆነ ብቻ ነው።